የኑሮ ውድነትን ያለ ፖለቲካ እናውራ ስንል ጥፋቱን ማን ላይ እየጣልን ነው?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ሰላም ለእናንተ ይሁን። ባለፈው እትማችሁ በአንባቢያን ገጽ የወጣውን ደብዳቤ አንብቤ ነው ይህን የምጽፈው። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ፣ ስለ ኑሮ ውድነት እናውራ፣ እንተዛዘን፣ መላ እንፈላለግ፣ ፖለቲካውን ግን እናስቀረው፣ እሱ ሲገባ ነገር ይበላሻል ነው። ቅን ሰው እንደሆኑ ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። ይህን ያሉበት ምክንያትም አይጠፋኝም። አዲስ አበባ ያደገ ሰው «ፖለቲካና ኤሌክትሪክ በሩቁ» የሚለውን ገና በልጅነቱ ይሰማዋል። እኔ ከእናቴ ነው የሰማሁት። እናቴም ዝም ብላ አልነበረም የምትለው፤ በእሷ የወጣትነት ጊዜ ጠዋት ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ የጎረቤት ልጅ ብዙ ነበር። ስለዚህ ፍርሃቱን አልንቅም።

ግን አልስማማም። ለምን እንደማልስማማ ረዘም አድርጌ ልጻፍ፣ ቦታ ከተገኘ አትሙልኝ።

እስቲ እንዳሉት እናድርገው። መንግሥት ምን ወሰነ የሚለውን ትተን ስለ ሽንኩርት፣ ስለ ዘይት፣ ስለ ቤት ኪራይ እናውራ። ዋጋው ጨመረ። እሺ፣ ለምን ጨመረ? ሰው ሲቸገር ለምን ብሎ ሳይጠይቅ አያድርም፣ መልስም ይፈልጋል። ውሳኔን የሚነካው መልስ ከተከለከለ ደግሞ እጃችን ላይ የሚቀረው ጥቂት ነው። ነጋዴው ስግብግብ ስለሆነ። አከራዩ እግዜርን ስለማይፈራ። ደላላው። ባለጉልቷ። ወይም ሚስቴ አስቤዛ መያዝ ስለማትችልበት። ወይም ኃጢአታችን ስለበዛ። አያችሁ፣ ፖለቲካን አስወጥተን ያወራን እየመሰለን ጥፋተኛ መርጠን ነው የጨረስነው። የመረጥነው ጥፋተኛ ደግሞ ሁልጊዜ ቅርባችን ያለው፣ ልንጮህበት የምንችለው፣ ብዙ ጊዜም እንደ እኛው የተቸገረው ሰው ነው። የእኔ ክርክር ይኼው ነው።

ከቤቴ በታች፣ ወደ ግንፍሌ በሚወስደው መንገድ፣ ሽንኩርትና ቲማቲም በመደብ የምትሸጥ ሴት አለች። አንድ ማታ ከሥራ ስመለስ አንድ ሰውዬ ሲጮህባት ደረስኩ። «እናንተ ናችሁ የጨረሳችሁን!» ይላታል። እሷ ቀና ብላም አላየችው፣ ሽንኩርቱን መልሳ መደርደር ነው የያዘችው። ይህች ሴት ድሮ በጠዋት በእግሯ ፒያሳ አትክልት ተራ ሄዳ ነበር የምትገዛው። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ ገበያው ወደ ጃንሜዳ ተዛወረ። ጃንሜዳ ለጥምቀት ሲፈለግ ደግሞ ጭራሽ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ሄደ። አሁን ሌሊት ተነስታ ከሌሎች ጋር መኪና ተጋርታ ነው የምታመጣው። የመኪናው አለ፣ የጫኝና አውራጅ አለ፣ መንገድ ላይ ተጨፍልቆ የሚጣለው አለ። የድሮው አትክልት ተራ ጭቃውም ሽታውም የሚናፈቅ አልነበረም፣ ይነሳ ያሉት ሰዎችም ምክንያት ነበራቸው። ቢሆንም ውሳኔ ነበር። የዚያ ውሳኔ ወጪ ደግሞ ዛሬ እዚህ አራት ኪሎ፣ እሷ መደብ ላይ ይከፈላል።

ነዳጁን ጨምሩበት። ሐምሌ 2014 ላይ መንግሥት የነዳጅ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት ሲጀምር አንድ ሊትር ቤንዚን 50 ብር አልሞላም ነበር። በ2017 ዓ.ም. ከ100 ብር አለፈ። ድጎማው ይነሳ ለሚለው የሚቀርበው ክርክር ደካማ አይደለም። ድጎማው ከታክሲ ተሳፋሪው ይልቅ ትልቅ መኪና የሚነዳውን ይጠቅም ነበር፣ ነዳጁም በኮንትሮባንድ ወደ ጎረቤት አገር ይወጣ ነበር። ጥሩ፣ በዚህ እንከራከር። ለሕዝብ ትራንስፖርት የተተወው ድጎማ በቂ ነበር ወይ፣ አትክልትና እህል የሚጭነው መኪናስ ለምን አልታሰበም፣ ብለን እንጠይቅ። ሰውዬው ግን የተጣላው ከባለጉልቷ ጋር ነው። እሷ ነች እዚያ የተገኘችው።

እኔ የምተዳደረው በሂሳብ ሥራ ነው። ፒያሳ አካባቢ፣ የመኪና መለዋወጫ ከውጭ የሚያስመጣ አንድ የግል ድርጅት ውስጥ ፔሮል የምሠራው እኔ ነኝ። ስለ ኑሮ ሳወራ ከፔሮል መጀመር ይቀለኛል።

5,000 ብር ደመወዝ ያላት የጽዳት ሠራተኛ አለች እንበል። ጡረታ 7 በመቶ፣ 350 ብር ይቆረጥባታል። በ2008 ዓ.ም. በወጣው የገቢ ግብር አዋጅ ስሌት ግብሯ 697 ብር ከ50 ሳንቲም ነበር። እጇ ላይ የሚደርሰው 3,952 ብር ከ50። በ2017 ዓ.ም. ሐምሌ ምክር ቤቱ አዋጁን ሲያሻሽል ከግብር ነፃ የሚሆነው ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፣ እርከኖቹም ተለወጡ፣ ግብሯ 500 ብር ሆነ። የሚደርሳት 4,150። ልዩነቱ በወር 197 ብር ከ50 ነው። ለአንዳንዱ ምንም ነው፣ ለእሷ ግን ገንዘብ ነው።

ይህን 197 ብር ማን ሰጣት? ነጋዴ አልሰጣትም። አሠሪዋም አልሰጣትም። ምክር ቤት ገብተው እጃቸውን ያወጡ ሰዎች ናቸው የሰጧት። ጥሩ አድርገዋል፣ ከልቤ ነው የምለው። ግን ደግሞ ልጠይቅ። 600 ብሩ ከ2008 እስከ 2017 ዓ.ም. ሳይነካ ለምን ቆየ? አዋጁ ሲወጣ ዶላር በባንክ 22 ብር ገደማ ነበር፣ ሲሻሻል ከ130 ብር አልፎ ነበር። በእነዚያ ዓመታት ሁሉ አሠሪው ኑሮው ከብዷችኋል ብሎ ጥቂት ሲጨምር፣ ጭማሪው ሠራተኛውን ወደሚቀጥለው የግብር እርከን እየገፋው፣ ከጨመረለት ላይ ተመልሶ ይቆረጥበት ነበር። ፔሮል የሚሠራ ሁሉ ይህን በዓይኑ ያየ ነው። ግብሩ ሲቀነስ በዜና ይነገራል፣ ሕዝቡም ያወራል፣ ማንም ፖለቲካ አትናገር አይልም። ዘጠኝ ዓመት ሳይቀነስ መቆየቱን ሲያነሱት ነው ፖለቲካ የሚሆነው? ይህ አይገባኝም። ሁለቱም አንድ አዋጅ ነው፣ ሁለቱም የአንዲቷ ሴት ኪስ ነው።

ይህችው ሴት የመንግሥት ሠራተኛ ብትሆን ኖሮ ዝቅተኛው ደመወዝ ከመስከረም 2018 ጀምሮ ከ4,760 ወደ 6,000 ብር ከፍ ባለላት። የግል ሠራተኛ ስለሆነች ግን ወለል የሚባል ነገር የላትም። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ጽፏል። የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ሳይታክት ይጠይቃል። ዓመታት አልፈዋል፣ ወለሉ አልተቆረጠም። ለምን አልተቆረጠም ብሎ መጠየቅ የኑሮ ጥያቄ ነው ወይስ የፖለቲካ? ጸሐፊው ቢመልሱልኝ ደስ ይለኛል።

ወደ ትልቁ ልምጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ የብርን ምንዛሪ ለገበያ ለቀቀ። ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሆነ። በዚያው ቀን የዓለም የገንዘብ ድርጅት ለአራት ዓመት የሚቆይ 3.4 ቢሊዮን ዶላር ብድር አጸደቀ። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ የዕቃዎቹን የዋጋ ዝርዝር እንደገና የሠራሁት እኔ ስለሆንኩ ያን ሰሞን በደንብ አስታውሰዋለሁ። እና እዚህ ላይ በግድ ፍትሐዊ መሆን አለብኝ፤ ብዙ አስመጪ ከዚያ በፊትም ከባንክ ዶላር አያገኝም ነበር፣ ዕቃውን የሚተምነው በጥቁር ገበያው ዋጋ ነበር። ስለዚህ ዋጋቸው ያን ቀን ብዙም ያልተነቃነቀ ዕቃዎች አሉ። ክፉኛ የተነኩት በመንግሥት ምንዛሪ ይገቡ የነበሩት ናቸው፤ ነዳጅ፣ መድኃኒት፣ ማዳበሪያ። ቡና ላኪው ተጠቅሟል። ልጇ ከውጭ የሚልክላት ጎረቤቴም፣ ድሮ በባንክ ብትቀበል ትከስር የነበረችው፣ ዛሬ በሕጋዊ መንገድ ተቀብላ የተሻለ ብር ታገኛለች። በብር ተቀጥሮ በብር የሚበላው ግን ከፈለ። የስኳር መድኃኒት የምትገዛው እናቴ ከፈለች።

ምንዛሪው መለቀቁ ስህተት ነው እያልኩ አይደለም። እንደነበረው መቀጠል አይቻልም ነበር የሚሉ ሰዎች ሲናገሩ እሰማለሁ፣ ግማሹን አምናቸዋለሁ። ዋጋ የሚጨምረውም ሁሉ ከቢሮ በወጣ ደብዳቤ አይደለም። ኮሮና ነበር። የዩክሬን ጦርነት ስንዴውንም ማዳበሪያውንም ነዳጁንም አስወድዶታል። ዝናብ የቀረባቸው ዓመታት ነበሩ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በሰሜን የነበረው ጦርነት ከሰው ሕይወቱ ሌላ ስንት ሀብት እንደበላ እግዜር ይወቀው። እኔ የምለው፣ ማን እንደሚከፍል፣ በስንት ጊዜ ውስጥ እንደሚከፍል፣ ለተጎዳው ምን እንደሚደረግለት የሚወሰነው ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጦ ነው። የተወሰነ ነገር ደግሞ ይጠየቅበታል። ይህን አውጥተን ስለ መድኃኒት ዋጋ ብናወራ ምን ይቀረናል? ፋርማሲስቷን መስደብ።

ነጋዴን ብቻ እያዩ መሄድ የት እንደሚያደርስ አይተነዋል እኮ። በ2003 ዓ.ም. መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋ፣ በቢራና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ አወጣ። ነጋዴው ነው ያስወደደው፣ ልኩን ያግኝ ተባለ። ሰውም ደስ ብሎት ነበር፣ ለምን እንደማይለው አላውቅም፣ ሳምንት ሁለት ሳምንት ርካሽ ነበር። ከዚያ ዘይቱ ጠፋ። ስኳሩ ጠፋ። ያለው ሰው ከጓሮ በውድ ገዛ፣ የሌለው ሰልፍ ላይ ቆመ። ወራት አልፈው አብዛኛውን ጣሪያ መንግሥት ራሱ አነሳው። ያን ጊዜ መንግሥት ከብሔራዊ ባንክ ይበደር ነበር፣ ከጥቂት ወራት በፊትም የብር ዋጋ ከዶላር አንጻር እንዲቀንስ ተደርጎ ነበር። እነዚህ ነገሮች በየሻይ ቤቱ ተነስተው ቢሆን ኖሮ ሕዝቡም ጣሪያው እንደማይሠራ ይገባው ነበር፣ ባለሥልጣኑም ነጋዴ ላይ ጣቱን ቀስሮ ለመገላገል ያን ያህል ባልቀለለው። ደርግም ከዚያ በፊት በሌላ መንገድ ሞክሮታል። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ከገበሬው በተቆረጠ ዋጋ ኮታ ይሰበስብ ነበር፣ የከተማው ሰው ቀበሌ ሱቅ ይሰለፍ ነበር። የታላላቆቻችንን ትዝታ መጠየቅ ይበቃል።

ቤት ኪራይም እንዲሁ ነው። በእኛ ሰፈር ከሚያከራዩት ብዙዎቹ ጡረታቸው አስቤዛ የማይሸፍንላቸው፣ ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን ሰርቪስ አከራይተው የሚኖሩ እማማና አባባ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320፣ ኪራይ በዓመት አንዴ፣ ያውም ተቆጣጣሪው አካል በሚያስታውቀው ልክ ብቻ ይጨመር ይላል። ውል ከሁለት ዓመት አይነስ፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይብለጥ ይላል። እኔም ተከራይ ነኝ፣ አዋጁ ሲወጣ እፎይ ብያለሁ። በዚያው ዓመት ግን ፒያሳና አራት ኪሎ፣ በ2017 ደግሞ ካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ፈረሱ። የቀበሌ ቤት ነዋሪው ምትክ፣ ባለይዞታው ካሳ የሚጠይቅበት ወረቀት ነበረው። ከግለሰብ ተከራይቶ የኖረው ዕቃውን ጠቅልሎ ሌላ ኪራይ ፍለጋ ወጣ። ፈላጊ በዝቶ ቤት ሲያንስ ኪራይ ወዴት እንደሚሄድ ደላላ ሁሉ ያውቃል። መንገዱ አምሯል፣ የእግረኛ መሄጃው ሰፍቷል፣ ማታ ልጆቼን ይዤ እሄድበታለሁ። ይህም እውነት ነው። ሁለቱን እውነት በአንድ አፍ መናገር ለምን እንዲህ እንደሚያስቸግረን ነው የማይገባኝ። አሁን የሚሆነው ምንድን ነው፣ ተከራይ እማማን «ጨካኝ» ይላቸዋል፣ እማማም ተከራዩን «ሕግ አለኝ እያለ አስቸገረኝ» ይሉታል። ሁለቱም ተኮራርፈው አንድ ግቢ ውስጥ ያድራሉ።

የ1966ቱንም ላስታውስ፣ ምክንያቱም ጸሐፊው የፈሩት እሱን ይመስለኛል። በየካቲት ወር የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች ሥራ ያቆሙት ነዳጅ ስለተወደደባቸው ነው። የዓለም የነዳጅ ዋጋ ያሻቀበበት ጊዜ ነበር፣ መንግሥት የቤንዚን ዋጋ ጨመረ፣ ታሪፉ ግን ባለበት ቀረ። ያነሱት የቤንዚንና የታሪፍ ነገር ነው። መምህራንም በዚያው ሰሞን የራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ወጡ። መንግሥት የቤንዚኑን ዋጋ መልሶ በጥቂቱ ቀነሰ፣ ግን ረፍዶ ነበር፤ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የአክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ የካቲት ሳያልቅ ለቀቀ። ከዚያ በፊት ደግሞ ወሎ ላይ ሰው በረሃብ እያለቀ ነገሩ እንዳይወራ ተደርጎ ነበር። ሰዎች ይህን ታሪክ ሲያነሱ «አያችሁ፣ የዋጋ ወሬ መጨረሻው አብዮት ነው» ይላሉ። እኔ የማነበው ሌላ ነው። የቤንዚን ጥያቄ በጊዜው እንደ ቤንዚን ጥያቄ ቢመለስ፣ ረሃብም እንደ ረሃብ በይፋ ቢወራ ኖሮ፣ ነገሩ ያን ያህል ተጠራቅሞ አይፈነዳም ነበር ብዬ አምናለሁ።

ቅርብ ጊዜውን ደግሞ ሁላችንም እናውቀዋለን። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች ስለ ደመወዛቸውና ስለ ጥቅማ ጥቅማቸው ጠየቁ፣ ሥራ ያቆሙም ነበሩ። ጥያቄያችን የሙያና የኑሮ ነው ይሉ ነበር። ከመካከላቸው የታሰሩ አሉ። ሐኪም ሥራ ሲያቆም የሚጎዳው ምስኪኑ በሽተኛ ነው፣ ስለዚህ ባደረጉት ሁሉ በሙሉ ልብ አልስማማም። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ፖለቲካ አይደለም ማለታቸው አላዳናቸውም። የደብዳቤው ጸሐፊ ፖለቲካውን ካስቀረን በሰላም እናወራለን ብለው ያስባሉ። ፖለቲካ የቱ ነው የሚለውን የሚወስነው ግን ጠያቂው አይደለም፣ ተጠያቂው ነው። አንድ ጥያቄ ሲያስቸግረው ፖለቲካ ነው ይለዋል፣ ያልቃል። እኛ ራሳችንን ቀድመን ዝም ስናሰኝ ሥራውን እያቀለልንለት ነው።

አሁን ደግሞ ጸሐፊው ልክ ወደሆኑበት ልምጣ፣ ልክ የሆኑበት አለና። ከሜክሲኮ ወደ ፒያሳ ታክሲ ውስጥ አንዲት እናት የልጃቸው ትምህርት ቤት ክፍያ መጨመሩን አንስተው ያማርሩ ጀመር። ሰው ሁሉ ተቀበላቸው፤ አንዱ የልጁን ነገረን፣ ሌላዋ ደግሞ ወላጆች ተሰብስበው ተነጋግረው ጭማሪውን እንዳስቀነሱ ነገረችን። እንዴት እንዳስቀነሱ ልንሰማ ስንል ከኋላ አንዱ «እነዚህ ሥልጣን ላይ እስካሉ ገና ምኑን አያችሁ» አለ። ሌላው «እናንተ በያዛችሁት ጊዜስ» ብሎ መለሰለት። ከዚያ በኋላ የማን ወገን ማን እንደሆነ ሲባባሉ ፒያሳ ደረስን። ያቺ ሴት እንዴት እንዳስቀነሱ አልነገረችንም፣ እናትየውም ሳይሰሙ ወረዱ። እኔ እስከዛሬ ይቆጨኛል።

ይህ ነው የሚያበላሸው። ስለ ዋጋ ሲነሳ የተናጋሪውን ብሔር፣ ድምፁን፣ የየት ሰፈር ልጅ እንደሆነ መመርመር ነው የሚያበላሸው። እኔ በምሠራው ፔሮል ላይ የብሔር ዓምድ የለም። የግብሩ ስሌት ለሁሉም አንድ ነው፣ ጡረታውም ለሁሉም 7 በመቶ ነው። ቤንዚን ሲጨምር የአንዱን ወገን ታክሲ ለይቶ አይጨምርም። ስለዚህ የወገን ጭቅጭቁ ይቅር ከተባለ እኔም ከጸሐፊው ጋር ነኝ። ግን ያንን ለማስቀረት ብለን ምን ተወሰነ፣ ማን ወሰነው፣ ማንን ጠቀመ፣ ማንን ጎዳ፣ ምን ይስተካከል የሚለውንም አብረን ከጣልነው የቀረን እንጉርጉሮ ብቻ ነው። እንጉርጉሮ ልብ ያሳርፍ ይሆናል፣ የልጅ ትምህርት ቤት ግን አይከፍልም።

ደግሞስ ይህን መጠየቅ ማን ከለከለን? በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 43 ላይ፣ ዜጎች በብሔራዊ ልማት የመሳተፍ፣ ማኅበረሰባቸውን የሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይም ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት እንዳላቸው ተጽፏል። ስለ ምንዛሪው፣ ስለ ነዳጁ፣ ስለ ገበያው መዛወር ሐሳባችሁን ስጡ ተብላችሁ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉና ንገሩን። እኔን የጠየቀኝ የለም። ሳይጠይቁኝ ከወሰኑ፣ ቢያንስ ከተወሰነ በኋላ እንዴት እንደጎዳኝ ስናገር ይስሙኝ።

ከእናንተ ከጋዜጠኞቹ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። በየሳምንቱ የዋጋ ዝርዝር ታወጣላችሁ፣ ጤፍ ይህን ያህል፣ ሽንኩርት ይህን ያህል እያላችሁ። ጥሩ ነው፣ ግን ዋጋውን እኛም ገበያ ወጥተን እናውቀዋለን። አንድ ዕቃ ምረጡና መንገዱን ተከተሉልን። አንድ ኩንታል ጤፍ ከገበሬው ደጅ ሲነሳ ስንት ነበር፣ እህል በረንዳ ሲደርስ ስንት፣ ወፍጮ ቤት ስንት። መሃል ላይ መኪናው ስንት ወሰደ፣ ኬላው ስንት፣ ደላላው ስንት፣ ግብሩ ስንት። ከዚያ በየደረጃው የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ስም ጠርታችሁ ጠይቁ፣ መልሱንም ሳትቆርጡ አትሙ። መልስ ካልሰጡ አልሰጡም በሉ። ስድብም ውዳሴም አያስፈልገውም። ይህን ብታደርጉ ያ ግንፍሌ ላይ የሚጮኸው ሰውዬ ጩኸቱን ወዴት እንደሚያዞር ያውቅ ነበር፣ ባለጉልቷም በሰላም ሸጣ ትገባ ነበር።

የደብዳቤው ጸሐፊ ቢመልሱልኝ በደስታ አነባለሁ። አክብሬዎት ነው የተከራከርኩት፣ እንዳይቀየሙኝ።

ደብዳቤው ረዝሟል፣ አውቃለሁ። ማሳጠር ካለባችሁ ስለ 1966ቱና ስለ ዋጋ ጣሪያው የጻፍኩትን አውጡት። የፔሮሉን ሂሳብ ግን እንዳለ ተዉልኝ፤ ደመወዟ 5,000 ብር የሆነ አንባቢ ካለቻችሁ ከራሷ ወረቀት ጋር ታስተያየው።

አክባሪያችሁ፣
ከአራት ኪሎ